የሰብስቤ ጉሮሮና የካፕሱሉ ቆዳ

ለአዳማ ከተማና ለአካባቢዋ ነዋሪ በሙሉ፣ ለነጋዴው፣ ለሠራተኛው፣ ለጡረተኛው፣ በባጃጅ ለሚከንፈውም በእግሩ ለሚያዘግመውም፣ ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ በስምጥ ሸለቆ ለተዘረጋው ሰፊ ሕዝብ፤ ከዚህ በታች የተገለጸው እንዲታወቅ ሆኗል። ስሙ ሰብስቤ፣ ሥራው የባጃጅ ወንበር ማልበስ፣ ዕድሜው ሃምሳ ሁለት፣ ቁመቱ መካከለኛ፣ ድፍረቱ ከመካከለኛ በታች የሆነው ዜጋ ካለፈው መጋቢት ጀምሮ በገዛ ጉሮሮው ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አውጆ ይገኛል። በአዋጁ መሠረት ዳቦ እንዳያልፍ ታግዷል። ቂጣ ተፈትሾ ያልፋል። ሾርባ እስካሁን በነጻነት ይንቀሳቀሳል። አዋጁን ያወጣው ፍርሃት የተባለው ባለሥልጣን ሲሆን፣ መቼ እንደሚሻር የሚያውቅ የለም።

ሰውየውን ለማታውቁት፤ ሱቁ ከፍራንኮ ሰፈር ወረድ ብሎ ከጎማ ጠጋኙ ቀጥሎ ያለች የቆርቆሮ ክፍል ናት። እዚያ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የባጃጅ ወንበር ሲያለብስ ኖሯል። የሚያለብሰው ላስቲክ ነው። ለደንበኛ ሲያቀርበው ግን «ኦሪጅናል ቆዳ ነው» ይላል፤ በሬው የት እንደታረደ ለመናገር ትንሽ ነው የሚቀረው። ቀኑን ሙሉ ወንበሩን በጉልበቱ መሃል አጣብቆ፣ ሆዱን አጣጥፎ፣ አፍንጫው መርፌውን እስኪነካ አጎንብሶ ይውላል። ምሳውን በአምስት ደቂቃ ጎርሶ ተመልሶ ይታጠፋል። እንዲህ የታጠፈ ሆድ ውስጥ የገባ ሽሮ ምን ያድርግ? የመጣበትን መንገድ ያስታውሳል። ይመለሳል።

ይህን መመለስ ሰብስቤ «ቃር» ይለዋል። አሥር ዓመት ሙሉ ቃር ሲለው ኖረ። ደረቱ ይቃጠላል፤ ጎንበስ ሲል ኮምጣጣ ውሃ አፉ ድረስ ይመጣል፤ ጠዋት ድምፁ ሻክሮ ይነሳል። በዚህ ከተማ ደግሞ ደረቴን አቃጠለኝ ያለ ሰው ሐኪም አያጣም፤ ሐኪም ያልሆነ ሰው ነው የሚያጣው። አንዱ ወተት ጠጣ አለው። ሌላዋ ወተት የሚባል ነገር እንዳትነካ አለችው። አንዱ የፓፓያ ፍሬ፣ አንዱ የድንች ጭማቂ፣ አንዱ በባዶ ሆድ አብሽ አዘዘ። ሰብስቤ ማንንም ማስቀየም ስለማይወድ ሁሉንም አደረገ። ቃሩም ማንንም አላስቀየመም፤ እንደነበረ ቆየ።

ባለፈው ኅዳር ሚስቱ አሰለፈች እየገፋች ዶክተር ጫምሳ የተባለ ሐኪም ዘንድ አደረሰችው። ዶክተሩ ሥዕል ስሎ አስረዳው። በምግብ ቧንቧና በጨጓራ መሃል እንደ በር የሚከፈትና የሚዘጋ ነገር አለ፤ ያንተው ላልቷል፤ አሲዱ ወደ ላይ እየወጣ ቧንቧውን ያቆስለዋል፤ ጉዳዩ ይኸው ነው አለው። ትእዛዙንም በወረቀት ጻፈለት። ጠዋት ከእንቅልፍህ እንደተነሳህ፣ ቁርስ ከመብላትህ ግማሽ ሰዓት በፊት፣ አንድ ኦሜፕራዞል ካፕሱል ሳትከፍት ሳትሰብር በውሃ ዋጥ። በርበሬ፣ ቡና፣ የቲማቲም ስልስና ቅባት ቀንስ። ሆድህን ጢም አታድርግ። እራት በልተህ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ አትተኛ። የአልጋህን ራስጌ አንድ ስንዝር ከፍ አድርግ። በመጨረሻው መስመር ላይ ደግሞ፣ ምግብ ሲውጡ የመያዝ ስሜት ከመጣ ሳይቆዩ ተመልሰው ይምጡ ይላል። ሰብስቤ ወረቀቱን አጥፎ ግድግዳ ላይ ሲለጥፍ ያችን የመጨረሻ መስመር ወደ ውስጥ አጠፋት።

የቀረውን ግን ፈጸመ፤ አይካድም። የአልጋውን ራስጌ በሁለት ብሎኬት አነሳው። አሰለፈች ስትንሸራተት እያደረች ጠዋት ጠዋት እግርጌ ትገኝ ጀመር። ቡናውን አቆመ። ወጡ አልጫ ሆነ። ካፕሱሉን በየጠዋቱ እንደ ወታደር ተነስቶ ዋጠ። በሦስተኛው ሳምንት እሳቱ ጠፋ። ሁለት ወር ሙሉ በሰብስቤ ደረት ውስጥ ሰላም ሰፈነ፤ እሱም በአጋጣሚ የዳነ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው ለሌሎች መምከር ጀመረ።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ።

ሰብስቤ ጾምን የሚቀልድበት ሰው አይደለም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ በአፉ አይዞርም። ስለዚህ የጠዋቱ ካፕሱል ወደ ዘጠኝ ሰዓት ተዛወረ፤ ይህ የመጀመሪያው ጥፋት ነው። ሁለተኛው ጥፋት በመጀመሪያው ሳምንት በማኅበር ላይ መጣ። ወይዘሮ ዘርፉ የተባለች የማኅበሩ አባል ስልኳ ላይ የመጣውን ሁሉ ለሕዝብ የማድረስ ግዴታ ያለባት ይመስላታል። እሷ ሰብስቤ ካፕሱሉን ከኪሱ ሲያወጣ አየችና፣ ሽፋኑ ከምን እንደሚሠራ ታውቃለህ ወይ አለችው። አላውቅም አለ። ከከብት ቆዳና አጥንት ተቀቅሎ ነው፣ ያውም ከብት ከሆነ ነው፣ አሳማም ይሆናል አለች።  ሰብስቤ እጁን እንደተቃጠለ ሰው ካፕሱሉን ጠረጴዛው ላይ ጣለው።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ላስቲክን ቆዳ ነው እያለ የሸጠው ሰው፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነተኛ ቆዳ እጁ ገባና ጣለው። ይህንን ታሪክ ይመዝግበው።

መፍትሔው ቀላል ነበር። የንስሐ አባቱ ቤት ከሱቁ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ሄዶ መጠየቅ ነው። ነገር ግን የንስሐ አባት «ልጄ፣ ሕመምህ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሰብስቤ ደግሞ ያንን ጥያቄ ከካፕሱሉ የበለጠ ይፈራዋል። ከጥያቄው ጀርባ ኪዳነወልድ ቆሟልና።

ኪዳነወልድ ታላቅ ወንድሙ ነበር። ዓለም ጤና ላይ በመስኖ ሽንኩርት ያለማ የነበረ፣ አንድ ኩንታል ብቻውን ከመሬት የሚያነሳ ሰው። እሱም ለዓመታት ቃር ነው ይል ነበር። ከዚያ ዳቦ ሲውጥ ይይዘኛል አለ፤ በውሃ እየገፋ በላ። ከዚያ ዳቦውን ትቶ ገንፎ ጀመረ። ከዚያ ገንፎውን ትቶ ሾርባ። ሆስፒታል ያደረሰው ሰብስቤ ራሱ ነው፤ ያኔ ውሃውም መመለስ ጀምሮ ነበር። ሐኪሙ ፊልሙን ወደ መስኮቱ አንስቶ አየና ለምን ቆያችሁ ብቻ አለ። ይህ የዛሬ ስድስት ዓመት ነው። ሰብስቤ ከዚያን ቀን ጀምሮ የበሽታውን ስም በአፉ አያነሳም፤ «ያ ነገር» ነው የሚለው። ስሙ ካልተጠራ አድራሻውን የማያገኝ ይመስለዋል።

ስለዚህ ንስሐ አባቱን ከመጠየቅ ይልቅ የራሱን ፋብሪካ ከፈተ። ካፕሱሉን በሁለት ጣቱ ጠምዝዞ ይከፍተዋል። ሽፋኑን ይጥለዋል። ከውስጡ ጤፍ የሚያህሉ ነጫጭ ፍሬዎች ይወጣሉ። ፍሬዎቹን ተልባ ውስጥ ጨመራቸው፤ አልሟሟ አሉት። ሰብስቤ ይህንን እንደ አመፅ ቆጠረው። የአሰለፈችን የነጭ ሽንኩርት መውቀጫ አነሳና ዱቄት እስኪሆኑ ወቀጣቸው። በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የተወቀጠውን ዱቄት በተልባ በጥብጦ፣ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት እየሸተተው ጠጣ። ጾሙ አልተሻረም። መድኃኒቱም አልቀረም። ሁለቱን ወገን አስማማሁ ብሎ ደስ አለው።

በአሥረኛው ቀን እሳቱ ተመለሰ፤ ብቻውንም አልመጣም። ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ባዶው ሆድ ይነድዳል። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ ቀኑን ሙሉ የተራበ ሰው እንደሚበላው የበላበት ሆድ ይነድዳል። ጎንበስ ባለ ቁጥር ኮምጣጣው ጉሮሮው ድረስ ይመጣና መርፌውን ጥሎ ቀና ይላል። ያኔ ሰብስቤ አሰበ። ማሰቡ ነው የጎዳው። ይህ መድኃኒት ሁለት ወር ሠርቶልኛል፤ አሁን እምቢ ብሏል፤ ስለዚህ በሽታው መድኃኒቱ የሚያውቀው በሽታ አይደለም፤ ስለዚህ ያ ነገር ነው። መውቀጫው በሂሳቡ ውስጥ አልገባም።

ደብረ ዘይት ባለፈ ማግስት፣ ሰኞ ዕለት ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብሎ ዳቦ በሽሮ ጎረሰ። ሁለተኛው ጉርሻ ወረደ። ሦስተኛው ወረደና ከደረቱ አጥንት ጀርባ ቆመ።

ቆመ። ወደ ታችም ወደ ላይም አይልም። ሰብስቤ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጠበቀ። ኡበይደላ የተባለ ደንበኛው የባጃጁን ወንበር ተሸክሞ ገባና ጥቁር ይሻላል ወይስ ቀይ ብሎ ጠየቀው። ሰብስቤ ጣቱን አነሳ፤ ትንሽ ቆይ እንደማለት። አፉ በምራቅ ሞላ፤ ምራቁም መውረጃ የለውም። ከውጭ የጎማ ጠጋኙ መዶሻ ይሰማል። ኡበይደላ፣ ቀይ አቧራ ያሳያል መሰለኝ፣ ጥቁር ደግሞ ይሞቃል፣ እያለ ቀጠለ። ሰብስቤ የወንድሙን ፊት አየ፤ ማንኪያ አፉ ውስጥ ገብቶ ለመዋጥ ድፍረት ሲሰበስብ የነበረውን ፊት። ላቡ በአንገቱ ወረደ። ከዚያ የሆነ ነገር ላላ፤ ዳቦውም እያመመው ቁልቁል ሄደ። «ጥቁር ይሁንልህ» አለው ለኡበይደላ። ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ ነበር።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ነው ከላይ የተገለጸው አዋጅ የወጣው። ዳቦውን ከቤት ይወስዳል፣ አይበላም፤ በወረቀት ጠቅልሎ ኪሱ ይከታል። ሾርባ ወደድኩ ይላል። ጠዋት ጠዋት ሱቁን ከመክፈቱ በፊት በጨርቅ መለኪያው ሜትር አንገቱን ይለካል፤ ምን እንደሚፈልግ እሱም አያውቅም። ቀበቶው ሰፋ፤ በወስፌ አዲስ ቀዳዳ ቀደደለት። በሳምንቱ ሌላ ቀዳዳ ቀደደ። የማይበላ ሰው እንደሚከሳ ማንም ያውቃል፤ ሰብስቤ ግን መክሳቱን እንደ ማስረጃ ያዘው። ፍርሃት ዳኛም ምስክርም ሲሆን ፍርዱ የታወቀ ነው።

አሰለፈች ሱሪውን ልታጥብ ኪሱን ስትፈትሽ የደረቀ ዳቦ አገኘች። አንድ ብቻ አይደለም። አልጮኸችም። ቤት ሲገባ ከፊቱ አስቀመጠችለትና ከመቼ ጀምሮ ነው አለችው። ሥራ በዝቶብኝ ነው ምናምን ሊል ጀመረ።

«የወንድምህን ሾርባ በማንኪያ ያጎረስኩት እኔ ነኝ» አለችው። «እንደገና ማንኪያ አልይዝም። ተነስ።»

ተነሳ። ሐኪም ጋ ሳይሆን ግን መጀመሪያ ፋርማሲ እንሂድ ብሎ ለመናት፤ ምናልባት ከዚህ የበረታ መድኃኒት ይኖር ይሆናል ብሎ። አሰለፈች ከዳር ቆማ ልትሰማ አብራው ገባች። ፋርማሲስቷ ፈውዚያ ሰፈሩ የሚያከብራት ልጅ ናት፤ የምትሸጠውን መድኃኒት ሳታስረዳ ሰው አትለቅም።

«አካም ኦልተኒ፣ ጋሼ ሰብስቤ» አለችው፣ እንዴት ዋሉ ስትል።

ሰብስቤ ሰላምታውን በአጭሩ መልሶ ከኦሜፕራዞል የሚበረታ ስጪኝ አላት።

«ይሄኛውን እንዴት ነው የሚወስዱት?»

«በተልባ።»

«በተልባ ይውጡታል?»

«አልውጠውም። እወቅጠዋለሁ።»

ፈውዚያ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ምኑን ነው የሚወቅጡት?»

«ፍሬውን።»

«ሽፋኑስ?»

«ጾም ነው እኮ ፈውዚያ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅ ነበር። እሷ አልሳቀችም። አንድ ካፕሱል ከፍታ ፍሬዎቹን ወረቀት ላይ አፈሰሰችና አሳየችው። እያንዳንዷ ፍሬ የራሷ ልባስ አላት አለችው። ይህ መድኃኒት ለአሲድ ከተጋለጠ ይበላሻል፤ ልባሷ ነው ጨጓራን አሳልፎ የሚያደርሳት። «እርስዎ ልብሷን አውልቀው እሳት ውስጥ ነው የሚጨምሯት» አለችው። «አርባ ቀን ሙሉ የጠጡት ተልባ ነው፣ ጋሼ።» ቀጠል አድርጋ ደግሞ፣ እኛም በረመዳን የሰዓቱም የሽፋኑም ጥያቄ ይመጣብናል፣ የሚመለከተውን ሰው እንጠይቃለን፣ እርስዎ ማንን ጠየቁ አለችው። ማንንም አለ።

አርባ ቀን ተልባ እንደጠጣ ተነግሮት እንደዚያ ደስ ያለው ሰው በአዳማ ታይቶ አይታወቅም። ስለዚህ መድኃኒቱ አልተሸነፈም ማለት ነዋ አለ። ስለዚህ በሽታው ያው ነው ማለት ነዋ። ፊቱ በራ። ካፕሱሉን ተቀብሎ ለመውጣት ሲዞር ፈውዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው።

«ምግብ ሲውጡ ይይዝዎታል?»

«አይ» አለ ሰብስቤ። ቶሎ ነው ያለው።

አሰለፈች ከዳር መጥታ በወረቀት የተጠቀለለውን ደረቅ ዳቦ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች።  ፈውዚያ ዳቦውን አየች፣ ሰውየውን አየች፣ ቀበቶው ላይ ያለውን አዲስ ቀዳዳ አየች።

«ማቃጠሉን መድኃኒቱ ያበርደዋል» አለች ቀስ ብላ። «የሚይዘውን ግን እኔ ከዚህ ሆኜ ምን እንደሆነ አላውቅም። እርስዎም አያውቁም። በካሜራ ይታይ።»

በማግስቱ ወደ ንስሐ አባቱ ሄደ። አርባ ቀን የፈራው ጥያቄ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ካህኑ ሰሙትና መድኃኒት ምግብ አይደለም፣ በውሃ ዋጠው፣ ማን ነው ፋርማሲስት ያደረገህ ብለው ተቆጡት። ከዚያ እጃቸውን ወደ ቀሚሳቸው ኪስ ሰደድ አድርገው የራሳቸውን ኦሜፕራዞል አወጡ። እኔስ የምውጠው ምን ይመስልሃል አሉት። ሰብስቤ አፈረ። ቀጥለው ግን የፈራውን ጠየቁት፤ ቃር ብቻ ነው ወይ ልጄ አሉት። መስቀላቸውን ተሳልሞ ወጣ። 

ካፕሱሉን ሳይከፍት፣ ጠዋት በውሃ፣ መዋጥ ጀመረ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን እሳቱ በረደ። ፋሲካን በአልጫ ፈሰከ። አሁን ዳቦ ያልፋል ይላል። አሰለፈች ግን ሲያኝክ ትቆጥራለች፤ አንዱን ጉርሻ አርባ ጊዜ ያኝከዋል፤ ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ይውጠዋል፤ ከዚያ ውሃ ያስከትላል። መልሳ ዶክተር ጫምሳ ዘንድ ወሰደችው፤ ዶክተሩም ሁሉንም ሰምቶ አልሸፈነለትም። አሲዱ አቁስሎት ጠቦ ይሆናል፤ እሱ ይታከማል አለው። ሌላ ነገርም ሊሆን ይችላል፤ እሱም ቶሎ ሲታይና ዘግይቶ ሲታይ አንድ አይደለም አለው። ማቃጠሉ መቅረቱ ግን ሁለቱንም አይለይልንም። ለኢንዶስኮፒ፣ በአፍ ገብቶ ቧንቧውን ለሚያየው ካሜራ፣ ቀጠሮ ጻፈለት።

በመጀመሪያው ቀጠሮ ሰብስቤ የምርመራ ክፍሉ በር ድረስ ሄደ። ከውስጥ አንድ ሰው ሲያስመልሰው ተሰማው። ተመልሶ መብራት የለም ተባልኩ ብሎ ለአሰለፈች ነገራት። መብራት ነበር።

በሁለተኛው ቀጠሮ ምንም ሳትበላ ሳትጠጣ ና ተብሏል። አርባ ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ያልቀመሰ ሰው፣ በዚያን ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብሎ ከፔርሙዝ ሻይ ቀድቶ ጠጣ። አውቆ ነው። ሦስት ሰዓት ላይ ሄዶ ለነርሷ ረስቼ ሻይ ጠጣሁ አላት፤ እሷም እንዳሰበው መለሰችው። ሲመለስ በባጃጅ ውስጥ የቀበቶውን አዳዲስ ቀዳዳዎች በጣቱ እየቆጠረ መጣ። 

ሦስተኛው ቀጠሮ የፊታችን ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው። አሰለፈች የዚያን ቀን እናቷ ጋ ለተዝካር መሄድ አለባት፤ ሰብስቤም ይህንን በደንብ ያውቃል።

አንባቢ ሆይ፤ አንተ ወተት ጠጣ ያልከው ነህ። አንቺም ወተት እንዳትነካ ያልሽው ነሽ። ስለ ሰው ሆድ የምታውቁትን ሁሉ ስትናገሩ ከርማችኋል። አሁን የምትጠየቁት ምክር አይደለም። ሐሙስ ጠዋት በፍራንኮ በኩል የምታልፍ ከሆነ፣ ከጎማ ጠጋኙ ቀጥሎ ያለችው የቆርቆሮ ክፍል በር ላይ ቁም። አንድ ሰዓት ሳይሞላ፣ ሻዩ ሳይቀዳ። ስለ ወንበር አትጠይቀው። ስለ ተልባ አታውራለት። ፔርሙዙን ከእጁ ተቀበለውና ባጃጅ አስቁምለት፤ እስከ ምርመራ ክፍሉ በር ብቻ ሳይሆን ከበሩ ወዲያም አብረኸው ግባ። ሐሙስ ነው። ትመጣለህ?